ሽሚያ በሕያዋን ፍጥረታት መካከል

ስለ እንስሳት ፉክክር ሲነሣ ብዙዎቻችን በዓይነ ኅሊናችን የምናየው ሁለት ወይፈኖች ቀንድ ለቀንድ ተያይዘው ሲገፋፉ፣ ወይም ጅቦች በአንድ ግዳይ ዙሪያ ሲናከሱ ነው። ይህ ሥዕል ሐሰት አይደለም፤ ሆኖም የጉዳዩን ትንሹን ክፍል ብቻ ያሳያል። በተፈጥሮ ውስጥ ከሁሉ የሚበረታው ውድድር ድምፅ የለውም። ተወዳዳሪዎቹ ሳይተያዩና ሳይነካኩ፣ አንዱ የሌላውን መኖር እንኳ ሳያውቅ ሊወዳደሩ ይችላሉ። ሥሩን አርቆ የሰደደ ተክል ውሃውን ቀድሞ ሲመጥጥ፣ ሌሊት የሚግጠው ቀን ለሚግጠው ሳያስተርፍ ሲቀር፣ ተጎጂው ባላጋራውን ሳያይ ይመነምናል።

በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ይህን ዝምተኛ ውድድር ነው። ሕያዋን ፍጥረታት እርስ በርሳቸውና ከአካባቢያቸው ጋር ያላቸውን ግንኙነት የሚያጠናው ሥነ ምሕዳር የተባለው የዕውቀት ዘርፍ፣ ፍጥረታት ለተወሰነ ሲሳይ ሲወዳደሩ ብዛታቸው ምን እንደሚሆን ከመቶ ዓመት በላይ ሲመረምር ቆይቷል። ሲሳይ ስንል ምግብን ብቻ አይደለም። ለተክል ብርሃንና ውሃ፣ ለወፍ የጎጆ ቦታ፣ ለዓሣ የሚራባበት ወንዝ ሁሉ ሲሳይ ነው። አንድ ነገር ግን የግድ ነው፤ ሲሳዩ የሚያልቅ መሆን አለበት። ሁለት በሬዎች በአንድ መስክ አንድ አየር ስለ ተነፈሱ አይሻሙም፤ መስኩ ላይ ያለው ሣር ካነሰ ግን ይሻማሉ። (በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልን።)

ውድድሩ ሁለት መልክ አለው። ለሁለቱም ቋንቋችን የተዘጋጀ ቃል ስላለው ሌላ ፍለጋ መሄድ አያስፈልገንም። አንደኛው ሽሚያ ነው፤ አንዱ ወስዶ የጨረሰውን ሌላው አያገኘውም። ሁለተኛው ግፊያ ነው፤ አንዱ ሌላውን ወደ ሲሳዩ እንዳይቀርብ በኀይል ያግደዋል። በግፊያ ጊዜ ጠቡ ይታያል፤ በሽሚያ ጊዜ የሚታየው የጎደለው ነገር ብቻ ነው። ከባሕር ዛፍ አጠገብ የዘራው ገብስ የጫጨበት ገበሬ በዛፉና በማሳው መካከል ቦይ ይቆፍራል። ይህን የሚያደርገው ሽሚያው ከመሬት በታች፣ በሥሮች መካከል እንደሚካሄድ ስለሚያውቅ ነው።

ቅርቡ ተሻሚ የገዛ ወገን ነው

ለአንድ ፍጥረት ከሁሉ የከፋው ተሻሚ እርሱን የሚመስለው ነው። አንድ ዓይነት ምግብ፣ በአንድ ዓይነት ሰዓት፣ በአንድ ዓይነት መንገድ የሚፈልገው የገዛ ዝርያው ነውና። በቆሎ የሚዘራ ገበሬ ይህን ያለ መምህር ያውቀዋል። ቡቃያው ጥቅጥቅ ብሎ ሲወጣ ደካማ ደካማውን እየነቀለ ያሳሳዋል፤ ሳያሳሳው ከቀረ አገዳው ይቀጥናል፤ ፍሬውም ይኮሰምናል። ጃፓናውያን ተመራማሪዎች በ1950ዎቹ አኩሪ አተርን በተለያየ ጥግግት ዘርተው ይህንኑ በሚዛን አረጋገጡት። ዘሩ ከተወሰነ መጠን ካለፈ በኋላ የተክሉ ቁጥር ምንም ያህል ቢጨመር፣ ከማሳው የሚገኘው የዕፅዋቱ ጠቅላላ ክብደት አይጨምርም። ያው ብርሃንና ያው ውሃ ለብዙዎች ይከፋፈላል እንጂ አይበዛም። ክፍፍሉም እኩል አይሆንም። ጥቂት ቀን ቀድሞ የበቀለው ጎረቤቱን ያጠልልበታል፤ የተጠለለበት በዚያው ወደ ኋላ ይቀራል፤ በመጀመሪያ የጣት ስፋት የነበረው ልዩነት በመጨረሻ የክንድ ይሆናል።

ይህ ነገር የእንስሳትንም ብዛት ይገዛል። የቤልጅግ ተወላጅ የሆነው የሒሳብ ሊቅ ፈርኸልስት በ1838 እንዳመለከተው፣ አንድ ዝርያ በመጀመሪያ በፍጥነት ይራባል፤ ቁጥሩ አካባቢው ሊመግበው ከሚችለው ልክ ሲደርስ ግን እድገቱ እየዘገየ ሄዶ ይቆማል። በወረቀት ላይ ሲታይ መስመሩ ለስላሳና የተረጋጋ ነው። በምድር ላይ ግን ሁልጊዜ እንዲህ ለስላሳ አይደለም።

በቤሪንግ ባሕር ውስጥ ቅዱስ ማቴዎስ የምትባል ሰው የማይኖርባት ደሴት አለች። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ በ1944፣ የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ ሬንዲር የሚባሉ 29 የሰሜን አጋዘኖችን ወደዚያ አመጣ። ዓላማው በደሴቲቱ ላይ ለሰፈሩት ጥቂት ወታደሮች የክፉ ቀን ስንቅ እንዲሆኑ ነበር። ጦርነቱ አለቀና ወታደሮቹ ሄዱ፤ አጋዘኖቹ ቀሩ። በደሴቲቱ ተኩላ አልነበረም፤ መሬቱም በድንጋይና በአፈር ላይ እንደ ሽበት በሚበቅለው፣ ሊከን በሚባለው የክረምት ምግባቸው በወፍራሙ ተሸፍኖ ነበር። ዴቪድ ክላይን የተባለው ተመራማሪ በ1957 ሲቆጥራቸው 1,350 ደርሰው አገኛቸው፤ በ1963 ደግሞ 6,000 ሆነው ነበር። በ1966 ተመልሶ ሲሄድ መሬቱ በአጽም ተሞልቶ በሕይወት የቆዩት 42 ብቻ ነበሩ። ከ1963 ወደ 1964 የተሸጋገረው ክረምት እጅግ የከፋ ስለ ነበረ ብዙ ሰው ጥፋቱን በበረዶው ላይ ያሳብባል። በረዶው ግን የመጣው ቀድሞ በተራበ መንጋ ላይ ነው። በ1957 እና በ1963 መካከል ቁጥራቸው ከአራት እጥፍ በላይ ሲያድግ የእያንዳንዱ አጋዘን ክብደት ቀንሶ ነበር፤ ሊከኑም ተግጦ አልቆ ነበር። ይህ ዕፅ ደግሞ አንድ ጊዜ ከተጋጠ ለማገገም ብዙ ዓመታት የሚፈልግ ነው።

ከዚህ ታሪክ እኛ ከሁሉ የምናተኩርበት አንድ ነጥብ አለ። መንጋው በቁጥር ከፍተኛ በነበረበት ዓመት ጥፋቱ ውስጥ ውስጡን ተፈጽሞ ነበር። የሽሚያ ጉዳት በመጀመሪያ የሚታየው በሥጋ፣ በወተት፣ በሚወለደው ግልገል ክብደት ላይ ነው፤ በቁጥር ላይ የሚታየው በመጨረሻ ነው። «ከብቱ አልቀነሰም፤ እንዲያውም በዝቷል» የሚል መልስ ስለ ግጦሹ ጤንነት ምንም የማይነግረን ስለዚህ ነው።

ሁለት ዝርያዎች በአንድ ገበታ

ተሻሚዎቹ ሁለት የተለያዩ ዝርያዎች ሲሆኑስ? በአሜሪካ ይሠራ የነበረው አልፍሬድ ሎትካ በ1925፣ ኢጣሊያዊው ቪቶ ቮልቴራ በ1926 ነገሩን በሒሳብ ቀመር አስቀመጡት። ቀመሩን ለሒሳብ መምህራን ትተን ፍሬ ነገሩን እንውሰድ። ሁለት ዝርያዎች አብረው መኖር የሚችሉት እያንዳንዱ ከባልንጀራው ይልቅ የገዛ ወገኑን የበለጠ የሚያጨናንቅ ሲሆን ነው። እንዲህ ከሆነ አንዱ ሲበዛ ከሁሉ በፊት ራሱን ይገታል፤ ለሌላውም ጥቂት ቦታ ይተርፋል። ከወገኑ ይልቅ ጎረቤቱን የሚያጨናንቅ ከሆነ ግን ጎረቤቱ ይጠፋል።

ይህን በተግባር ያሳየው የሞስኮው ሳይንቲስት ጌዮርጊ ጋውዘ ነው። ውጤቱን በ1934 ባሳተመው መጽሐፍ የገለጸው ጋውዘ፣ ፓራሜሲየም የሚባሉ በዓይን የማይታዩ ባለ አንድ ሕዋስ ፍጥረታትን በመስታወት ዕቃ ውስጥ ባክቴሪያ እየመገበ አሳደገ። ኦሬልያ እና ካውዳቱም የሚባሉት ሁለቱ ዝርያዎች ለየብቻ ሲቀመጡ ሁለቱም ተራቡና በየልካቸው ቆሙ። በአንድ ዕቃ ሲቀመጡ ግን ካውዳቱም እያነሰ ሄዶ ጠፋ። ኦሬልያ አልነከሰውም፤ አልመረዘውም፤ ቀድሞ በላ እንጂ ሌላ አላደረገም።

ጋውዘ በዚህ ቢያቆም ኖሮ ትምህርቱ ጎዶሎ በሆነ ነበር። ቀጥሎ ተሸናፊውን ካውዳቱምን ቡርሳርያ ከተባለ ሦስተኛ ዝርያ ጋር አኖረው። በዚህ ጊዜ ማንም አልጠፋም። ቡርሳርያ በሰውነቱ ውስጥ የሚኖሩ ጥቃቅን አረንጓዴ ዕፅዋት ኦክስጅን ስለሚሰጡት፣ ኦክስጅን በሚያንስበት በዕቃው ሥር ወርዶ ዝቃጩን ሲመገብ፣ ካውዳቱም ከላይ በውሃው ውስጥ የሚንሳፈፈውን ይመገባል። ገበታቸው ተለየ፤ ስለዚህም አብረው ኖሩ። የሁለቱም ቁጥር ግን ለየብቻ ሳሉ ከነበረው ያነሰ ነበር። አብሮ መኖር ያለ ጉዳት መኖር ማለት አይደለም፤ እያንዳንዱ ከሚችለው ያነሰ ሆኖ ይኖራል።

በጣና ሐይቅ ውስጥ ላቤዎባርቡስ በሚባለው ወገን የሚጠሩ ወደ 15 የሚደርሱ የቅርብ ዘመዳሞች የሆኑ የዓሣ ዝርያዎች አሉ። አብዛኞቹም በሌላ የዓለም ክፍል አይገኙም። ይህ ሁሉ ዘመድ በአንድ ሐይቅ እንዴት ሊኖር ቻለ ቢባል፣ መልሱ በአፋቸውና በመንጋጋቸው ቅርጽ ላይ ተጽፏል። ስምንቱ ሌላ ዓሣ አድኖ በል ናቸው፤ የቀሩት ቀንድ አውጣ፣ የውሃ ነፍሳት፣ ደቃቅ ተንሳፋፊ ፍጥረታትና ዕፅዋት ይመገባሉ። አንዱ በድንጋያማው ዳር፣ ሌላው በጥልቁ ውሃ ይውላል። የትግራይና የኤርትራ ደገኛ ገበሬም ገብስና ስንዴን ቀላቅሎ ሐንፈጽ ብሎ ሲዘራ የሚታመነው በዚህ ዓይነቱ ልዩነት ነው። ሁለቱ እህሎች ከመሬቱም ከዝናቡም የሚፈልጉት አንድ ዓይነት አይደለም፤ አንዱ በጎደለበት ዓመት ሌላው ሊያካክስ ይችላል።

አንዱን አንሥቶ ማየት

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል። ሁለት እንስሳት አንድ ዓይነት ሣር ሲበሉ ስላየን ብቻ ይሻማሉ ማለት አንችልም፤ ሣሩ ለሁለቱም ተርፎ ይሆናል። ተለያይተው ሲኖሩ ስላየንም አይሻሙም ማለት አንችልም። ምናልባት አንዱ ሌላውን አስወጥቶት ይሆናል። እውነቱን ለማወቅ ያለው መንገድ አንዱን አንሥቶ ሌላው ምን እንደሚሆን መመልከት ነው።

ጆሴፍ ኮኔል የተባለው አሜሪካዊ ያደረገው ይህንን ነው። በስኮትላንድ የባሕር ዳርቻ ዐለቶች ላይ ባርናክል የሚባሉ፣ እንደ ጥርስ ጠንካራ ሽፋን ያላቸው ትናንሽ ፍጥረታት ተጣብቀው ይኖራሉ። ክታማሉስ የተባለው ዝርያ በላይኛው፣ ባላኑስ የተባለው በታችኛው የዐለቱ ክፍል ይገኛል። ተመልካች ሁሉ እያንዳንዱ የሚስማማውን መርጦ የተቀመጠ ይመስለዋል። ኮኔል በ1961 ባሳተመው ጥናት ባላኑስን ከአንዳንድ ድንጋዮች ላይ ፈቅፍቆ አነሣና ጠበቀ። ክታማሉስም በታችኛው ቦታ ላይ በደኅና አደገ። ለካስ ላይኛውን ቦታ የያዘው ወድዶ አልነበረም፤ ባላኑስ ከሥሩ እየፈነቀለውና በላዩ እያደገበት ስላስቸገረው ነው። ባላኑስ ደግሞ ደረቁን አየር ስለማይችለው ወደ ላይ ሊከተለው አልቻለም። የተሸነፈው ወገን የተረፈው አሸናፊው የማይደርስበት መጠጊያ ስለ ነበረው ነው። ይህን ነገር ስለ ራሳችን ተራሮች ስንናገር እንመለስበታለን።

ሽሚያ ቁጥርን ብቻ ሳይሆን የፍጥረቱን መልክ ጭምር የሚለውጥበት ጊዜ አለ። ፒተር እና ሮዝመሪ ግራንት የተባሉት ባልና ሚስት ከ1973 ጀምሮ በጋላፓጎስ ደሴቶች መካከል ዳፍኒ ሜጀር በምትባል ትንሽ ደሴት ላይ ፊንች የሚባሉትን ፍሬ ለቃሚ ወፎች ለአርባ ዓመታት ያህል ተከታተሉ። በ1977 ጽኑ ድርቅ ሆነ። ትናንሹ ለስላሳ ፍሬ ቶሎ ተለቅሞ አለቀና ትልቁና ጠንካራው ብቻ ቀረ፤ ከቀሩትም አንዱ በእኛ አገር ኩርንችት የምንለው ተክል ዘመድ የሚያፈራው እሾሃም ፍሬ ነበር። መካከለኛ መጠን ካላቸው ፊንቾች ከመቶ ሰማንያ አምስት ያህሉ ጠፉ፤ የተረፉት በአብዛኛው ያንን ፍሬ መስበር የሚችል ወፍራም መንቁር ያላቸው ነበሩ። በ1982 ግን መንቁሩ ከእነዚህ እጅግ የሚበልጥ ሌላ የፊንች ዝርያ ወደ ደሴቲቱ መጥቶ መራባት ጀመረ። በ2003 እና በሚቀጥሉት ዓመታት ዳግመኛ ድርቅ ሲሆን ኩርንችቱን ባለ ትልቅ መንቁሩ መጤ ቀድሞ ጨረሰው። በመካከለኞቹ ዘንድም በዚህ ጊዜ የሞቱት ወፍራም መንቁር ያላቸው ናቸው፤ የተረፉት ደቃቃ ፍሬ መልቀም የሚችሉት ባለ ትንንሽ መንቁሮች ሆኑ። ድርቁ ያው ድርቅ፣ ደሴቲቱም ያችው ደሴት ነበረች። ፍርዱን የገለበጠው የተሻሚው መኖር ነው። መጤውም ቢሆን አልዳነም፤ ፍሬውን ከጨረሰ በኋላ የእርሱም ቁጥር ወደቀ።

ሁለት ገበታ ያለው ተሻሚ

የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ወደ ዋናው ሐሳባችን ያደርሰናል። እስካሁን ባየናቸው ምሳሌዎች ሁሉ የጋራውን ሲሳይ የሚጨርስ ራሱም ይጎዳል። የቅዱስ ማቴዎስ አጋዘን፣ የዳፍኒ መጤ ወፍ ሁለቱም በጨረሱት ልክ ተቀጡ። ይህ ልጓም ጨካኝ ቢሆንም ልጓም ነው፤ አሸናፊው ሲያንስ የተጋጠው ያገግማል፤ ተሸናፊም ጥቂት ይተነፍሳል። አሸናፊው ከሌላ ቦታ የሚመገብበት ሁለተኛ ገበታ ሲኖረው ግን ልጓሙ ይበጠሳል። የጋራውን ሲሳይ እስከ መጨረሻው ግጦ ይጨርሳል፤ ቁጥሩም አይቀንስም።

የአገራችን ከፍተኛ ተራሮች ችግር በአጭሩ ይኸው ነው። በስሜን፣ በባሌና በመንዝ አናት ላይ ያለውን ሣር የዱር እንስሳትና የቤት ከብት ይካፈሉታል። በበጋ ሣሩ ሲሳሳ ላሚቱም ዋልያውም ይከሳሉ። ላሚቱ ግን ማታ ወደ በረቷ ስትገባ ገለባ፣ ጭድና የማሳ ቃርሚያ ይጠብቃታል፤ ስትታመም የሚያክማት፣ ውሃ ሲጠፋ የሚነዳት እረኛ አላት። በዚህም ምክንያት በተራራው ላይ የሚሰማራው የከብት ብዛት የሚወሰነው ተራራው በሚያበቅለው ሣር ብቻ አይደለም፤ ከታች ያለው እርሻም ይወስነዋል። ክረምት ገብቶ አዲሱ ሣር ሲያቆጠቁጥ ላሚቱ በቦታው አለች። ዋልያው ገለባ የለውም።

ይህን ስንል ገበሬውን ለመክሰስ አይደለም። ከብቱን ወደ አናት የነዳው ከታች ያለው የግጦሽ መሬት ታርሶ ስላለቀ ነው፤ መሬቱም የታረሰው ቤተ ሰቡ ስለ በዛ ነው። ገበሬው ራሱ በጠበበ መሬት ላይ ከወንድሙ ጋር የሚሻማ ሰው ነው። በባሌ ከብትን በየወቅቱ ወደ ደጋው አውጥቶ የሚመልሰው ጎዳንቱ የሚባል የቆየ ልማድ አለ። በዚህ ልማድ መሠረት ከብቱ ወጥቶ ስለሚመለስ ሣሩ የሚያርፍበት ጊዜ ነበረው። ሰው በደጋው ላይ በቋሚነት መስፈር ከጀመረ ወዲህ ግን ይህ ዕረፍት እየጠበበ ሄደ።

ጉዳቱ የሚደርሰው በሣር በሎቹ ላይ ብቻ አይደለም። በዓለም ላይ ካሉት የውሻ ዘመዶች ሁሉ በቁጥር እጅግ ካነሱት አንዱ የሆነው፣ አዋቂዎቹ ከ500 የማይበልጡት ቀይ ቀበሮ፣ ሣር አይበላም። የሚመገበው በሣሩ የሚኖሩትን አይጦችና ፍልፈሎች ነው። በባሌ ብቻ የሚገኘው ትልቁ ፍልፈልም ከእነዚህ አንዱ ነው። ላምና ቀበሮ ፈጽሞ ባይተያዩም በአይጧ በኩል አንድ ገበታ ይጋራሉ። ከእረኛው ጋር የሚወጣው ውሻ ደግሞ ሌላው ባለ ሁለት ገበታ ነው። አይጥ ቢያጣ የቤቱን ፍርፋሪ ይበላል፤ ስለዚህ ቁጥሩ በአይጧ ማነስ አይቀንስም። ውሻው ከሽሚያው በላይ የሚጎዳው በሚያመጣው በሽታ ነው፤ በ1990ዎቹ መጀመሪያና በ2003 የእብድ ውሻ በሽታ ወደ ባሌ ቀበሮዎች ተሻግሮ ብዙዎቹን ገድሏል።

የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፈረ፤ በ1996 በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ተራ ገባ፤ በ2017 ከዚያ ዝርዝር ወጣ። ወደ አደጋው ዝርዝር ካስገቡት ምክንያቶች መካከል የዋልያው ማነስና የእርሻው መስፋፋት ይገኙበታል። በመካከሉ፣ በ2016፣ በፓርኩ ውስጥ የነበረው የግጭ መንደር ነዋሪዎች ተነሥተው ወደ ደባርቅ ሄዱ። ይህ በሥነ ምሕዳር ዓይን ኮኔል በዐለቶቹ ላይ ካደረገው ጋር የሚመሳሰል ነገር ነው። ልዩነቱ በዚህኛው የተነሡት ባርናክሎች ሳይሆኑ የአባቶቻቸውን መቃብር ትተው የወጡ ሰዎች መሆናቸው ነው። በእኛ አስተያየት ማንም ስለ ዋልያው መጠበቅ ሲናገር ይህን ዋጋ አብሮ መጥራት አለበት። የዋልያውም ነገር በኮኔል ዐለት ላይ እንዳየነው ክታማሉስ ነው። ዋልያ በተፈጥሮው የገደል እንስሳ መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን ገደሉ ከብት የማይደርስበት መጠጊያውም ስለ ሆነ፣ ዛሬ የምናይበት ቦታ ሁሉ የወደደው ቦታ ነው ብለን መደምደም አንችልም።

ሁለተኛ ገበታ ለተክልም ይዘጋጃል። በ2011 በጣና ላይ መኖሩ የታወቀው እንቦጭ ከደቡብ አሜሪካ የመጣ ተንሳፋፊ አረም ነው። በውሃው ላይ ተነጥፎ ብርሃኑን ስለሚጋርድ ከሥሩ ያሉት ዕፅዋት ይጠወልጋሉ፤ በውሃው ውስጥ ያለው ኦክስጅን ያንሳል፤ ዓሣውም ይሸሻል። ግፊያው ይህ ነው። የእንቦጭ ኀይል ምንጭ ግን ሐይቁ ብቻ አይደለም። ርብ፣ ጉማራና መገጭ ከየማሳው አጥበው የሚያመጡት አፈርና ማዳበሪያ ይቀልበዋል። ሕዝቡ በእጁ ነቅሎ ያወጣው አረም ተመልሶ የሚሞላው በእንዲህ ያለ ቀለብ ላይ ስለሚኖር ነው። በየዓመቱ በጀልባና በማሽን ከሚደረገው ዘመቻ ጋር የተራቆተው ተዳፋት በእርከንና በዛፍ ካልተያዘ፣ ዘመቻው ገበታውን ሳያነሣ እንግዳውን እንደ ማባረር ይሆናል።

የጓሳ ቄሮ

ሽሚያን ሰው በሥርዓት ሊገዛው እንደሚችል የሚያሳይ አንድ የቆየ ምሳሌ በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ አናት ላይ አለ። ጓሳ ይባላል፤ ስሙንም ያገኘው በላዩ ከሚበቅለው ረጅም ሣር ነው። ሣሩ ቤት ይከደንበታል፤ ገመድ ይገመድበታል፤ በክፉ ቀን ከብት ይመገበዋል። ከአስቦና ከጌራ የተወለዱት የአካባቢው ባለ ርስቶች ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በተባለ ሥርዓት ይህን መሬት በጋራ ሲያስተዳድሩ ኖረዋል። የተመረጡ አለቆች መሬቱን ለተከታታይ ዓመታት፣ ብዙ ጊዜ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት፣ ይዘጉታል። በእነዚህ ዓመታት ማጨድም ማሰማራትም የተከለከለ ነው፤ አባወራው ሁሉ በተራ ይጠብቃል፤ የደፈረም ጽኑ ቅጣት ይቀበላል። ሣሩ ሲደርስ ይከፈትና ሁሉም ያጭዳል፤ ቆይቶም ተመልሶ ይዘጋል።

ቄሮን ያቋቋሙት ሰዎች ስለ ሎትካም ሆነ ስለ ጋውዘ አልሰሙም። ያደረጉት ነገር ግን ሁለት ተሻሚዎችን በጊዜ መለየት ነበር። በተዘጋባቸው ዓመታት ገበታው የአይጧ፣ የጭላዳውና የቀበሮው ነው፤ በተከፈተበት ወቅት የሰውና የከብት ነው። ከብቱ ሁለተኛ ገበታ አለው ያልነው እዚህ ላይ ወደ በጎ ተለወጠ፤ በታች ገለባ ስላለው በላይ ያለው ሣር እስኪያርፍ መታገሥ ይችላልና።

በ1975 (በ1967 ዓ.ም.) በወጣው የመሬት አዋጅ ርስት ሲቀር በርስት ላይ የተመሠረተው ቄሮም ቀረ፤ ጓሳም ጠባቂ አጥቶ ለሽሚያ ተጋለጠ። ከጊዜ በኋላ የአካባቢው ነዋሪዎች ከየቀበሌው በተውጣጡ ተወካዮች የሚመራ ጥበቃ አቋቁመው መሬቱን መልሰው ያዙት። በዚያ ሜዳ ላይ የተሠራና በ2015 የታተመ ጥናት ቀበሮዎች ሣር በሚግጠው የጭላዳ መንጋ መካከል ገብተው አይጥ ሲያድኑ ከመቶ 67ቱ ሙከራቸው እንደሚሳካ፣ ብቻቸውን ሲያድኑ ግን ከመቶ 25 ብቻ እንደሚሳካ ቆጥሯል። ጭላዳውና አይጧ ለሣሩ ጎረቤቶች ናቸው፤ ቀበሮውም በዚያ ጉርብትና መካከል ቀስ ብሎ እየተራመደ ቀለቡን ይለቅማል፤ ጭላዳዎቹም አይሸሹትም።